ከጥግ የተነሳ አበባ

ስልኩ ሲጠራ ኢንስፔክተር ሩባብ ሲያል የጥርስ ሐኪሙ ወንበር ላይ አፏን ከፍታ ተጋድማ ነበር። ማደንዘዣው ገና መያዙ ነው፤ ግራ ጉንጯ የራሷ መሆኑ ቀርቶ የጎረቤት ሥጋ መስሏታል። ሐኪሙ ጉጠቱን ይዞ ጎንበስ ሲል እጁን ገፋ አድርጋ ስልኩን አነሳች።

«ማዳም፣ ኡስታድ ኢናያት አረፉ» አለ ሃምሳ አለቃ ባሻራት። «እንጨት ቀራጩ። ማሽናቸው ነው የጨረሳቸው፣ አደጋ ነው። ቤተሰቡ ዛሬ ከሰዓት፣ ከአስር ሶላት በኋላ እንቅበር እያለ ነው፤ እርስዎ መጥተው ቢፈርሙ ይበቃል።»

«ማንም ሰው ምንም ነገር እንዳይነካ» አለች ሩባብ። ከግማሽ አፍ የሚወጣ ቃል ግማሽ ነውና ሃምሳ አለቃው ሁለቴ አስደገማት። ሐኪሙ «ጥርሱስ?» ቢላት፣ «እሱ የትም አይሄድም» ብላው ወጣች።

በፓኪስታኗ የእንጨት ቀራጮች ከተማ በቺኒዮት ሰው ሲሞት ከመስጊዱ ቀድሞ የሚያረዳው ገበያው ነው። ሩባብ በበር ሠሪዎቹ መንገድ ስታልፍ ገበያው ፍርዱን ሰጥቶ ጨርሷል። «ሽማግሌን ከብረት ጋር ምን አገናኘው? በእጁ ሲቀርጽ አንድ ቀን ያልሳተ ሰው ማሽኑ ላይ መነሻውን ስቶ ተበላ» ይላል አንዱ፤ ሌላው ከንፈሩን ይመጥጣል። የዕድሜ ልክ ስም በአንድ ቀን ወሬ ሲጠረግ ሩባብ ብዙ ጊዜ አይታለች። ድሮ ያናድዳት ነበር። አሁን አሁን አያናድዳትም፣ አያሳዝናትም፤ የደነዘዘው ጉንጯ ብቻ አልነበረም።

የኡስታዱ ሥራ ቤት አንድ ረጅም ክፍል ነው። መሃሉን የያዘው ማሽን አልጋ የሚያህል የብረት ጠረጴዛ፣ በላዩ የሚመላለስ ድልድይ፣ ከድልድዩም ቁልቁል የሚወርድ ተሽከርካሪ ቢላ አለው። ሬሳው በግድግዳው በኩል የገመድ አልጋ ላይ ተጋድሞ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል። ከራስጌው የሟቹ ብቸኛ ልጅ ታህሚና የአባቷን ቆብ ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ዓይኗ ደረቅ ነው።

«ማን አገኛቸው?» አለች ሩባብ።

«ኢምቲያዝ፣ ሠራተኛቸው» አለ ባሻራት። «መብራት በፈረቃው ስለጠፋ ምሳውን ሊበላ ወጥቶ ነበር። ሲመለስ መብራቱ መጥቷል፣ ማሽኑ በባዶው ይዞራል፣ እሳቸው ወለሉ ላይ ናቸው። ግንባራቸው አጠገብ ይህ ብረት ነበር። ቢላው የጣውላውን መያዣ ብረት መትቶ አፈናጥሮባቸዋል።»

ታህሚና ቀና አለች። «እህቴ፣ ጉንጭሽ ምን ሆኖ ነው?»

«ማደንዘዣ ነው። ጥርስ ላስነቅል ነበር።»

«አያምሽም?»

«አሁን አያመኝም።»

«የኔም እንደዚያ ነው» አለች ታህሚና፤ ቆቡንም ጉልበቷ ላይ አስተካከለችው። «ገበያው አባቴን መነሻውን ስቶ ሞተ ይለዋል። አባቴ መነሻ አይስትም። ሌላ የምለምንሽ ነገር የለም፤ ከመቀበሩ በፊት ይህን አጣሪልኝ። ስሙ አብሮት አፈር አይግባ።»

«የማገኘው አንቺ የማትወጂው ነገር ቢሆንስ?»

«ዛሬ የምወደውም የምጠላውም የለኝ። አጣሪ።»

ሩባብ ማሽኑ ላይ ጎንበስ አለች። ጠረጴዛው ላይ በሦስት መያዣ ብረቶች የተጠፈነገ፣ ሺሻም ከሚባለው ጠንካራ እንጨት የተሰነጠቀ ጣውላ አለ፤ የአራተኛው ብረት ቦታ ባዶ ነው። ጣውላው ላይ አበባ ተቀርጿል፣ አበባ ከተባለ። ከአንዱ ጥግ ተነስቶ ሩቡ ብቻ እንጨቱ ላይ አርፏል፤ ቀሪው ከጠርዙ ውጭ አየር ላይ ተቀርጾ ቀርቷል። እዚያው ጥግ ላይ ያለው መያዣ ብረት ቢላው የነከሰበት አዲስ ቁስል ያብለጨልጭበታል፤ ቢላውም ተሰብሮ ጫፉ አጠገቡ ወድቋል። ብረቱ ግን ቡሎኑ እንደጠበቀ፣ ንቅንቅ ሳይል ቦታው ላይ አለ።

የጣውላው መሃል ምንም አልተነካም። ከጥግ እስከ ጥግ የተሰመሩ ሁለት የእርሳስ መስመሮች እዚያ ይቋረጣሉ፤ መቋረጫቸው ላይ በወስፌ የተበሳች ትንሽ ቀዳዳ አለች።

ሩባብ ወለሉ ላይ የተገኘውን ደም የነካው ብረት በመሐረብ ይዛ ገለባበጠችው። ከደሙ በቀር ዙሪያውን ዝገትና አሮጌ ቀለም እንጂ ሌላ ነገር አልነበረበትም። ለባሻራት ሰጥታው «በደንብ ጠቅልለህ ያዝልኝ» ብቻ አለችው።

ዓይኗ አንድ ነገር ደግሞ ያዘ። በሩብ አበባው መስመሮች መካከል ጥፍር የምታህል ቅጠል ተቀርጻለች።

«ይህች ምንድን ናት?» ስትል ታህሚናን ጠራቻት።

ታህሚና መጥታ አየቻት። በጣቷ ዳሰሰቻት። «የአባቴ ምልክት ናት» አለች። «በእጁ ለቀረጸው ብቻ ነው፤ ሥራው ካለቀ በኋላ በመሮ ያስቀምጣታል። ማሽኑ ለሠራው አያደርጋትም። ‹ማሽኑን አበላዋለሁ እንጂ ስሜን አላወርሰውም› ይል ነበር።»

ወደ አባቷ ራስጌ ተመለሰች። የሥራ ጠረጴዛው ላይ በጨርቅ የተቋጠረ የምሳ ሳህን ነበር። ቋጠሮው አልተፈታም።

*

የታህሚና ባል ዋጃሃት ጓሮ ውስጥ ለቀስተኛ ይቀበል ነበር። ጢሙን ገና ዛሬ የተላጨ ወጣት ነው፤ የሽቶው ሽታ ከሩቅ ይጣራል።

«ምሳቸውን ታህሚና በኔ ላከች» አለ ሲጠየቅ። «አደረስኩ፣ አስቀመጥኩ፣ ወዲያው ወጣሁ። አባ ጂ ጣውላቸውን አስረው መብራት ይጠብቁ ነበር። መብራቱ ሲመጣ እኔ ፀጉር አስተካካዩ ሻፊቅ ወንበር ላይ ነበርኩ። ማሽኑ ሲነሳ መንገዱ ሁሉ ሰምቷል።»

«አንተ ላሆር ነው አሉ ማሽን የተማርከው። እኔ ስለ ማሽን የማውቀው ነገር የለም፤ እስቲ አስረዳኝ» ብላ ወደ ማሽኑ ይዛው ገባች።

«ማሽን ዕውር ነው ማዳም። ጣውላው የት እንደተጋደመ አያውቅም። ቢላውን በዚህ መቆጣጠሪያ እየነዱ አንድ ቦታ ያደርሱትና ‹መነሻህ እዚህ ነው› ይሉታል። ከዚያ ወዲያ ሁሉን ነገር ከዚያች ነጥብ እየለካ ይሠራል። መነሻው ከተሳተ ሁሉም ይሳታል።» ወደ ተሰበረው ቢላ አመለከተ። «ይህ አበባ መነሻው መሃሉ ላይ ነበር። ምስኪን፣ ዓይናቸው ደክሞ ነበር፤ ሳቱት።»

«ቁመቱንስ በምን ያውቃል? ቢላው እንጨቱን መንካቱን?»

«በወረቀት።»

ሩባብ ሁለት ጎረምሶች ጠርታ ንጹህ ጣውላ በጠረጴዛው ጫፍ አስጋደመች። «ቁመቱን ብቻ አሳየኝ። ደግሞ ቶሎ በል፣ ፈረቃው መብራቱን ሊወስድብን ነው።»

ዋጃሃት ከኪሱ ስስ ወረቀት አውጥቶ ጣውላው ላይ አኖረ፣ የተሰበረውን ቢላ ጉማጅ ነድቶ አወረደ፣ ወረቀቱን በጣቱ እየጎተተ ቢላው ሲይዘው «ይኸው፣ ነካ» አላት። ወረቀቱን ያኖረው በግራ በኩል ጥጉ ላይ ነበር። ሩባብ አመስግና አሰናበተችው።

ቀጥላ ኢምቲያዝን ጠራች። በኡስታዱ እጅ ያደገ ዝምተኛ ሰው ነው፤ ዓይኑ በልቅሶ አብጧል።

«ቁመቱን አሳየኝ፣ ቶሎ በል» አለችው እሱንም።

ኢምቲያዝ ከመቆጣጠሪያው በፊት እርሳስ ፈለገ። ከጥግ ጥግ ሁለት መስመር ጣለ፣ መገናኛቸውን በወስፌ ወጋ፣ ወረቀቱን እዚያ ላይ አደረገ።

«ቁመት የትም ቢለካ ያው አይደለም እንዴ?»

«ያው ነው፣ ማዳም። ኡስታድ ያስተማሩን ግን እንደዚህ ነው። ‹አበባ ልቡ አለው፤ መጀመሪያ ልቡን አግኝ› ይሉን ነበር። ወንድም ዋጃሃት የላሆር ሰው ነው፣ የራሱን ሥራ ሁሌ ከጥግ ነው የሚያስነሳው። በዚህ ነገር ሲነታረኩ ነው የኖሩት።»

«አበባውን ኮምፒውተር ላይ የሚስለው ማነው?»

«ኡስታድ በወረቀት ይስላሉ፣ ወንድም ዋጃሃት ያስገባዋል። እኔና ኡስታድ እሱ ያዘጋጀውን ከፍቶ ማስነሳት ብቻ ነው የምንችለው።»

ሃምሳ አለቃ ባሻራት ይህን ሁሉ ሲሰማ ጆሮው ቆመ። ወደ ሩባብ ጠጋ ብሎ «ማዳም፣ ነገሩ ግድያ ከሆነ እኮ ሰው አለን» አላት። «ባባ ጉልዛር፣ በእጁ የሚቀርጸው ሽማግሌ። ‹እጅህን ለብረት ሸጥክ› ብሎ ከተጣላቸው ጀምሮ ሰላም አይባባሉም። ማሽኑን አቃጥለዋለሁ ሲልም ገበያው ሰምቷል።»

*

ባባ ጉልዛር ሦስት ቤት አልፎ ባለው ሱቁ ደጃፍ መሮ ይስላል። ሩባብን ሲያይ ሥራውን አላቆመም።

«ልታስሪኝ ነው? ጫማዬን ላድርጋ። ይህ ባሻራት በባዶ እግሬ ጎትቶኝ ቢሄድ ደስታውን አይችለውም።»

«ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት፣ ባባ ጂ።»

«ማሽን አልነካም፣ አላውቅም፣ ሳልፍም አላየውም። ኢናያትን አልገደልኩም። ሊገደል ይገባው ነበር ወይ ብለሽ ብትጠይቂኝ ግን ባለፈው ዓመት አዎ እልሽ ነበር።»

«ዛሬስ?»

ሽማግሌው መሮውን አስቀመጠ። «ዛሬ ጠዋት መጣ። በሬ ላይ ቆሞ ‹ጉልዛር፣ አንድ ነገር ላማክርህ፤ ከዚያ መልሰህ ትጣላኛለህ› አለኝ። ‹አንድ ነጋዴ ቤት የኔ ቅጠል ያለበት በር አየሁ፤ እኔ አልቀረጽኩትም፣ የማሽን ጥርስ ያረፈበት ነው› አለ። ‹ማን እንዳደረገው አውቃለሁ። ዓርብ ገበያው መሃል ቆሜ የኔ አይደለም እላለሁ። ብቻዬን አፍራለሁና አጠገቤ ቁም› አለኝ።»

«ምን አሉት?»

«ቀድሞ ነግሬህ አልነበር ወይ አልኩት።» ባባ ጉልዛር መሮውን መልሶ አነሳው፣ መልሶ አስቀመጠው። «ሁለታችንም ከአንድ ጌታ እግር ሥር ነው የተማርነው። አበባን ከልቡ ጀምሩ ያለን አንድ ሰው ነው። ሻይ እንኳ ጠጣ አላልኩትም፣ ልጄ። እንደቆመ ተመልሶ ሄደ።»

ሩባብ ጉንጯን ነካችው፤ ጫፉ ላይ መርፌ መርፌ ማለት ጀምሯል።

ስትመለስ ከሥራ ቤቱ ፊት ለፊት ያለውን የፀጉር አስተካካዩን ሻፊቅ ሱቅ ገባች። ሻፊቅ ጥያቄ እስኪጠየቅ የሚጠብቅ ሰው አይደለም።

«ዋጃሃት? እዚህች ወንበር ላይ! ጉንጩን ሳሙና ቀብቼዋለሁ። ማሽኑ ያጓራል፣ እሱም ‹ስማቸው፣ አባ ጂ ምሳ እንኳ አያስቆማቸውም› ይለኛል። ወዲያው ቿ! አለ አንድ ነገር። ‹ቢላ ሰበሩ› አለና ሳቀ። አይ ሞት!»

«መብራቱ ሲመጣ እዚህ ነበር?»

«መብራት ሲመጣማ እኔ ብቻዬን በሙቀት ተጠብሼ ነበር። ማራገቢያው ዞረ፣ ሬዲዮ ከፈትኩ፣ ዘፈን አንድ ሙሉ ሰማሁ። ከዚያ ነው እሱ ላቡን እየጠረገ የመጣው። እጁም እርጥብ ነበር፤ ፎጣ ሰጠሁት።»

*

የአስር ሶላት ሲቃረብ ሩባብ ሁሉንም ሥራ ቤቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ቃሬዛው በር ላይ ቆሟል፣ የመስጊዱ ኢማም በአንድ በኩል፣ ባባ ጉልዛር በሌላው ግድግዳውን ተደግፏል። ኢምቲያዝ ማሽኑን እንዳያይ ጀርባውን ሰጥቶታል። ሻፊቅ ሱቁን ዘግቶ መጥቷል፤ እንዲህ ያለ ቀን አያመልጠውም። ታህሚና ቦታዋን አልለቀቀችም፣ ዋጃሃት ከኋላዋ ቆሟል።

«አልቆይባችሁም፣ ሬሳ ይጠብቃል» አለች ሩባብ። አፏ አሁን ቃሉን አስተካክሎ ያወጣል። «መጀመሪያ ስለ ብረቱ። ቢላው መያዣ ብረት መትቶ አፈናጠረ ተባለ። ቢላው የነከሰው ብረት ይኸው፣ ቁስሉ ይታያል፤ ቡሎኑ እንደጠበቀ ነው፣ ከቦታው አልተነሳም። ሰው የገደለው ደግሞ ይህ ነው።» ባሻራት የጠቀለለውን ፈታ። «ዙሪያውን እዩት። የቢላ ጭረት የለበትም። ማሽን ያልነካው ብረት ብቻውን አይበርም። ያነሳው እጅ ነው።»

ኢማሙ «አስተግፊሩላህ» አለ።

«እንግዲህ ገዳይ አለ። መቼ ገደለ? ሁላችሁም መብራት መጣ፣ ማሽኑ ተነሳ፣ ስለዚህ ኡስታዱ ያን ጊዜ በሕይወት ነበሩ አላችሁ። ማሽኑን ሲያስነሱ ያያቸው ግን ማን አለ? ድምፁን ነው የሰማችሁት። አሁን ጣውላውን ተመልከቱ። መሃሉ ላይ መስቀለኛ መስመር ተሰምሯል፣ ልቡም በወስፌ ተበስቷል። ይህ የማን አሠራር ነው ኢምቲያዝ?»

«የኡስታድ። የኔም።»

«መብራት እስኪመጣ ኡስታዱ መነሻቸውን አዘጋጅተው ጨርሰዋል። ዓይናቸው አልደከመም፤ ነጥቧ ልክ መሃሉ ላይ ናት። ለክቻታለሁ። የሚቀራቸው ቢላውን እዚያች ነጥብ ላይ አድርሶ ማስነሳት ነው። ማሽኑ ግን ከጥግ ተነሳ። የበሳሃትን ነጥብ እያየህ ከጥግ አትነሳም። መሃሉን የበሳውና ማሽኑን ያስነሳው ሁለት ሰዎች ናቸው። ማሽኑ ሲጮህ ኡስታዱ ወለሉ ላይ ነበሩ።»

ባባ ጉልዛር በረጅሙ ተነፈሰ።

«ማሽን የሚችሉት ሦስት ሰዎች ናቸው። አንዱ ሟቹ። ኢምቲያዝን ቁመት ለካ ስለው ልብ ፍለጋ እርሳስ አነሳ። ዋጃሃትን ቁመት ለካ ስለው እጁ ሳይጠየቅ ጥግ ሄደ። ሰው ሲቸኩል እጁ የሚታዘዘው መጀመሪያ ላስተማረው ነው፤ የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ።»

«እኔ ሻፊቅ ጋ ነበርኩ!» አለ ዋጃሃት። «ሻፊቅ፣ ንገራቸው እንጂ!»

«ነበርክ፣ ወንድሜ» አለ ሻፊቅ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ። «ማራገቢያው ከዞረ በኋላ ነው የመጣኸው። እኔ ምን ላድርግ?»

«መብራት ሲመጣ ወንበሩ ላይ ነበርኩ አልከኝ» አለች ሩባብ። «አልነበርክም። የማሽኑንም ድምፅ ሰው እንዲሰማልህ አንተው አሰማህ። ከጥጉ በቀር ደግሞ ቅጠሏ አለች። ኡስታዱ ለማሽን ሥራ ምልክታቸውን አይሰጡም፤ ይቺ ግን በማሽን ተቀርጻለች። ኮምፒውተሩ ውስጥ ያስገባት ማስገባት የሚችለው ሰው ነው፣ አንተ። በእጅ ተቀረጹ ተብለው በሷ የተሸጡ በሮች አሉ፣ ኡስታዱም ዛሬ ጠዋት አወቁ። ምሳ ይዘህ ስትመጣ ጠየቁህ፤ ዓርብ ገበያው ፊት ሊናገሩ ነበር። መብራት ሲመጣ ጊዜ አልነበረህም፣ ኮምፒውተሩ ላይ መጀመሪያ የተከፈተልህን ሥዕል አስነሳህ። የተከፈተልህም ያቺው ባለ ቅጠሏ ሆነች።»

ዋጃሃት ቀኝ እጁን አዙሮ መዳፉን ተመለከተ፤ የሰው ዕቃ በስህተት የያዘ ይመስል ነበር።

«መሃሉ መሆኑን አውቅ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «አውቅ ነበር እኮ። እጄ ነው።»

ታህሚና ሳትዞር ጠየቀችው።

«ምሳውን በልቶ ነበር?»

«አልበላም።»

«ሳይበላ ነው የሞተው እንግዲህ።»

«ታህሚና...»

«ሌላ አልጠየቅኩህም» አለች። ባሻራት ክንዱን ይዞ ሲያወጣው ወደ በሩ አላየችም።

ቃሬዛው ተነሳ። የፊቱን እንጨት ባባ ጉልዛር ለማንም አልሰጥም ብሎ በትከሻው ያዘ። በር ሠሪዎቹ መንገድ ላይ ሲደርስ ከለቅሶው በላይ ድምፁ ተሰማ። «ኢናያት መነሻውን አልሳተም! ሰማችሁ? አልሳተም! ጓደኛዬ ከልቡ ነው የጀመረው!» ከየሱቁ ሰው ወጥቶ ከኋላው ተከተለ፤ ቅድም ከንፈሩን የመጠጠውም አብሮ ነበር።

ሥራ ቤቱ ውስጥ ሁለቱ ሴቶች ቀሩ። ሩባብ መሄድ ነበረባት፣ አልሄደችም። ጥርሷ ከሥሩ ይመታት ጀምሯል፤ በጉንጯ አልፎ እስከ ጆሮዋ ይሰማታል። ለዓመታት ስንት እንዲህ ያለ ቤት ዘግታ እንደወጣች አሰበች። አዘነች፣ ማዘኗም ገረማት።

ታህሚና የምሳውን ሳህን አምጥታ ጉልበቷ ላይ አደረገች። ውስጡ ሮቲ ቂጣና ሳግ የሚባለው የጎመን ወጥ ነው፣ እጇ የሠራው።

«ጉንጭሽስ?» አለች።

«እየነቃ ነው።»

«ያማል?»

«ያማል።»

«የኔ ገና ነው» አለች ታህሚና፤ ቋጠሮውንም መፍታት ጀመረች።